እጅ ከሰጡ በኋላ

«ማስተር» የሚለውን ስም ሌላ ሰው አላወጣለትም፤ ራሱ ነው ያወጣው። የቤት ዕቃ ማጓጓዣ መኪናው ላይ ሥራ የጀመረ ዕለት ሾፌሩ «ምን ብለን እንጥራህ?» ቢለው፣ «ካራቴ በማሠለጥንበት ጊዜ ማስተር ነበር የሚሉኝ» አለ። ከዚህ ሁሉ ንግግር ውስጥ እውነት የሆነችው «ካራቴ» የምትለዋ ብቻ ናት። ሰውየው በጉርምስናው ስምንት ወር ሠልጥኖ፣ ቢጫ ቀበቶ አስሮ፣ ጉልበቴን አመመኝ ብሎ የተወ ነው። ስምንቱ ወር ግን አፉ ውስጥ ሲያድግ ሲያድግ ኖሮ፣ ይህ ነገር በተፈጸመበት ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመት ሞልቶት ነበር።

መኪናው ላይ የሚሠሩት አራት ናቸው። ሾፌሩ አለቃም ነው፤ ድሮ ቦክስ ሞካክሯል፣ ለዚህም አፍንጫው ምስክር ነው። ሁለተኛው ዕቃ እየጠቀለለ የሚያስር፣ «ገመዴ» የሚሉት ቀጭን ሰው ነው። ገመዴ ከተወለደ ጀምሮ ማንንም መትቶ አያውቅም፤ በስልኩ ያላየው ድብድብ ግን የለም። ሦስተኛው ማስተር ነው። አራተኛው ደግሞ የማስተር ሚስት ታናሽ ወንድም፣ ሃያ አራት ዓመቱ፣ ሲናገር ድምፁ ስለማይሰማ «ትራስ» ያሉት ወጣት ነው። ሥራ ያስገባው ማስተር ነው። ሚስቱ «አደራ፣ ወንድሜን እንደ ወንድምህ» ብላ ነበር ያስረከበችው። ትራስ አምስት ዓመት ጁዶ ሠርቷል፤ ይህንንም ካልጠየቁት አይናገርም።

እነዚህ ሰዎች ሶፋ እንኳ ሲሸከሙ ስለ ድብድብ ይከራከራሉ። ሾፌሩ «ከቦክስ ወዲያ ላሣር ነው፤ አንድ ቡጢ አገጩ ላይ ካሳረፍክለት ካራቴውም ጁዶውም ተኝቶ ይቆጠርለታል» ይላል። ገመዴ በሽቦ አጥር ውስጥ የሚደረገውን፣ ቡጢውም ካራቴውም ትግሉም የተደባለቀበትን ይመርጣል። ማስተር ደግሞ ሁለቱንም እንደ ልጅ ያያቸዋል።

«እናንተ የምታወሩት ስለ ስፖርት ነው፤ እኔ የማወራው ስለ ጠብ ነው። መንገድ ላይ ዳኛ አለ? ፊሽካ አለ? ጣትህን ዐይኑ ውስጥ፣ ጉልበትህን ብሽሽቱ ላይ! ሕግ ለፈሪ የተሠራ አጥር ነው።»

«አንተስ ምን ትላለህ፣ ትራስ?» አለ ሾፌሩ አንድ ቀን።

«እኔ እንጃ» አለ ትራስ። «ሕግ ባይኖር ግን ማንም ከማንም ጋር ሁለተኛ ቀን አይለማመድም። በሳምንቱ ሁሉም እጁን አንጠልጥሎ ቤቱ ነው። ሳይለማመድ ደግሞ ማን ጎበዝ ይሆናል?»

መልሱ ልክ ነበር። ማስተርን ያናደደውም ልክ መሆኑ ነው።

አንድ ቀን ከሦስተኛ ፎቅ ላይ የአንድ ቤት ዕቃ አውርደው ጨረሱና፣ ባለቤትየዋ ቁልፍ ልትረከብ እስክትመጣ ባዶው ሳሎን ውስጥ ምሳቸውን በሉ። ዕቃ የሚሸፈንበት ወፍራም ብርድ ልብስ ሁሉ እዚያው ተቆልሏል። ነገሩን የለኮሰው ገመዴ ነው። «ወሬ በዛ! ምንጣፉ ይኸው፣ ሁለቱም ይኸው። እስቲ እንያችሁ!» አለና ብርድ ልብሶቹን መሬት ላይ ዘረጋጋቸው።

ማስተር እምቢ ሊል ፈልጎ ነበር። ግን «አሥራ ሁለት ዓመት» እያለ የለፈለፈ አፍ በየት በኩል ይመለሳል? ጫማውን አወለቀ።

«እሺ ጋሼ» አለ ትራስ። «አንድ ነገር ብቻ። ሲበቃህ በእጅህ መታ መታ አድርገኝ፣ ያን ጊዜውኑ እለቃለሁ።»

«እሱን አንተ አድርገው! እኔ እሱን አላውቅም።»

ገመዴ ሳቀ፣ ሾፌሩ አጨበጨበ። ማስተር ጮኾ እግሩን ሰነዘረ። ትራስ እግሩን በአየር ላይ ተቀበለውና ብርጭቆ እንዳለበት ሣጥን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠው፤ አልወረወረውም። ማስተር ልነሣ ሲል አንገቱ በክንድ ተያዘ። ክንዱ ጠበቅ አለ። ጆሮው ውስጥ ውኃ የሚፈስ መሰለው፤ የመስኮቱ ብርሃን ጠቆረ። ሾፌሩና ገመዴ በበሩ በኩል ናቸው፤ የማስተር ቀኝ እጅ ግን በግድግዳው በኩል፣ ማንም በማያየው ቦታ ነበር። በዚያ እጁ የትራስን ጎን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገ። እንዳይጠራጠር ደግሞ ሦስተኛ ጨመረበት።

ክንዱ ያን ጊዜውኑ ላላ። ትራስ ከላዩ ተነሥቶ በጉልበቱ ቆመና ጎንበስ አለለት፤ «ጎዳሁህ እንዴ ጋሼ?» አለው በዚያች በማትሰማ ድምፁ።

ማስተር ያን ጊዜ ምን እንዳሰበ ኋላ ብዙ ጊዜ ፈልጓል። ምንም አላሰበም። በሩ ላይ የቆሙትን ሁለቱን አየ፣ ስሙ እንደ ጢስ ሲበን ታየው፣ በተዘረጋ መዳፉ የልጁን ግራ ጆሮ ባለ በሌለ ኃይሉ አጮለው።

ትራስ በጎኑ ወደቀ። «ኧረ ጉድ!» አለ ገመዴ እየዘለለ። «አለቀለት ስንል! ማስተር፣ ማስተር!» ሾፌሩ መጥቶ የማስተርን እጅ ወደ ላይ አነሣው። ትራስ ጆሮውን ይዞ ከመሬት ቀና ብሎ ጋሼውን አየው። አልተቆጣም። አንድ ነገር የሚጠብቅ ነበር የሚመስለው፤ ጋሼው «ቆይ፣ እኔኮ እጄን ሰጥቼ ነበር» እስኪል። ማስተርም አፉን ከፈተ።

«መንገድ ላይ ቢሆን ኖሮ ሞተህ ነበር» አለው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል። በእነዚህ ሁለት ሰዎች መካከል ተረቱ ተገለበጠ። ትራስ በማግስቱ ሥራ ገብቶ ምንም እንዳልሆነ ዕቃ ተሸከመ። ማስተር ነው እንቅልፍ ያጣው። ፊቱን ሲታጠብ ያች መዳፉ ትመጣበታለች። ገመዴ በየሄደበት ታሪኩን ያወራል፤ እያወራም ትራስን «ሕግህ የታለች?» እያለ ይነካካዋል። ትራስ ፈገግ ይላል፣ አይመልስም። አንዲት ቃል ቢተነፍስ የማስተር ነገር ያበቃለት ነበር፤ አልተነፈሳትም። ለጋሼው ብቻ «እርስዎ» ማለት ጀመረ። ሁለት ዓመት ሙሉ «ጋሼ፣ ና ብላ» ይል የነበረ ልጅ «ጋሼ፣ ይምጡ ይብሉ» አለ። ሾፌሩ «አየህ ማስተር፣ ከበርክ!» ብሎ ሳቀ። ማስተር ግን ያን ምሳ ሳይበላ ተነሣ።

በሳምንቱ ሚስቱ ከሐኪም ቤት መጣች፤ ወንድሟን ራሷ ነበረች ይዛው የሄደችው።

«የጆሮው ታምቡር ተቀዷል አሉን። በግራው ከእንግዲህ ደህና አድርጎ መስማቱን እንጃ ብለውኛል» አለች ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ። «ዕቃ ሲያወርድ ቁም ሳጥን ዞሮ መታኝ ነው የሚለው። እባክህ ከጎኑ አትጥፋ። እዚያ ካንተ ሌላ ማን አለው?»

ማስተር ሊነግራት ከወንበሩ ተነሣ፤ ተነሥቶም መስኮት ዘጋ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ከሚስቱ ፊት ይልቅ የወንዶቹ ፊት የሚቀል መሰለው፤ «ነገ እዚያ እናገራለሁ፣ ያን ጊዜ አፌ ይፈታል» ብሎ ራሱን ደለለ።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት፣ አራቱም ከመኪናው ኋላ ሣጥን ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ «አንድ ነገር ልንገራችሁ» አለ። «ያን ቀን ያሸነፍኩት እኔ አይደለሁም። አንቆኝ ነበር። እጄን ሰጥቼ፣ መታ መታ አድርጌው፣ ለቀቀኝ። ከለቀቀኝ በኋላ ነው የመታሁት። ‹ጎዳሁህ እንዴ› እያለኝ ነው የመታሁት።»

ማስተር ስድቡን ለመቀበል አንገቱን ደፋ። ስድብ ቢሰማ ይሻለው ነበር።

ገመዴ ጭኑን መትቶ በሳቅ ፈነዳ። «ወይኔ! እጅ ሰጥቶ መምታት! ይሄማ ጥበብ ነው!»

«አንተ ሰይጣን!» አለ ሾፌሩ እንባው እስኪወርድ እየሳቀ። «ሕግ የለም ስትል ወሬ ነበር የመሰለኝ። ለካ ከልብህ ነው!»

«አልገባችሁም» አለ ማስተር። «ነውር ነው የሠራሁት።»

«ምኑ ነው ነውሩ? ያስተማርከን አንተ!»

ባስረዳቸው ቁጥር ይብስ ሳቁ፤ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። በራሱ አፍ ያቆመውን ቤት በራሱ አፍ ሊያፈርሰው አልቻለም። ትራስ ብቻ ዳቦውን ጠቅልሎ ተነሣ። ማስተር ተከትሎት በመኪናው ፊት በኩል ደረሰበት።

«ይቅር በለኝ» አለው።

ትራስ ደህናውን ጆሮ አዞረለት። «ለእነሱ ምን አስነገረዎት ጋሼ? ለእህቴ ይንገሯት። እሷ አትስቅም።»

የዚያኑ ዕለት ነገራት። እውነትም አልሳቀችም። ቁጭ ብላ ሰምታው ሲጨርስ «አደራ ብዬህ ነበር» አለች። ጠዋት ሲወጣም እንደ ወትሮው «ደህና ዋል» አላለችውም።

የዚያን ቀን ሥራ ከአራተኛ ፎቅ ትልቅ ፍሪጅ ማውረድ ነበር። ሊፍት የለም፣ ደረጃው ጠባብ ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ በሁለት ሰው ይወርዳል። ከታች ያለው ክብደቱን ደረቱ ላይ ይዞ ወደ ኋላው ይወርዳል፤ እግሩ የት እንደሚያርፍ አያይም። «ቁም» ካለ ከላይ ያለው ባለበት ቆሞ መያዝ አለበት፤ ካልያዘ ፍሪጁ የታችኛው ላይ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከታች የሚሆነው ጉልበታሙ ትራስ፣ ከላይ ማስተር ነበር።

«አለቃ» አለ ትራስ፣ «ዛሬ እኔ ከላይ ልሁን።»

ሾፌሩ ልጁን ጆሮው አሞት መሰለውና «ደስ እንዳለህ» አለ። ማስተር ግን ገባው። እጅ ሰጥቶ የለቀቀውን ሰው የመታ፣ «ቁም» ሲባል ይቆማል ብሎ ማን ጀርባውን ለገደል ይሰጠዋል? ልጁ እውነቱን ነው። ማስተር ያለ አንድ ቃል ወርዶ ከታች ገባ።

ሦስተኛው ፎቅ ሳይደርሱ ክንዱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አርባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከታች ሠርቶም አያውቅም። «ቁም» ለማለት አፈረ። በምን አፉ? ጥርሱን ነክሶ ሁለት ደረጃ ወረደ። ጉልበቱ ሲከዳው «ቁም» አለ፣ በቀስታ። ፍሪጁ አልቆመም። መጣበት፤ አገጩን ገፋው፣ ወገቡ የደረጃውን ብረት መታ። «ይገባኛል» አለ በሆዱ፣ «እሰየው።» ከዚያ ነፍስ ናትና ጮኸ፤

«ቁም!»

ፍሪጁ ቀጥ አለ። ክብደቱ ሁሉ ከደረቱ ላይ ወደ ላይ ተሰበሰበ፤ ትራስ ደም ሥሩ ተገታትሮ ብቻውን ይዞታል።

«ይቅርታ ጋሼ፣ አልሰማሁም ነበር» አለ ከላይ እያለከለከ። «በግራዬ በኩል ሆኖብኝ ነው። ጮክ ይበሉ።»

ማስተር ጮክ አለ። ከዚያ ፎቅ እስከ ምድር ድረስ፣ በየአምስት ደረጃው፣ የየቤቱ ሰው በሩን እየከፈተ እያየው፣ «ቁም! ቁም!» እያለ ሲጮኽ ወረደ። ትራስም አንድም ጊዜ ሳይቆምለት አልቀረም።