የባንቺ ሠርግ በአሮጌው ላፕቶፕ

እየሩስ ሙሽሪትን አንድ ቦታ ላይ ስታያት ሦስት ሳምንት አለፋት። ባንቺ ነጭ ልብሷን በሁለት እጇ ሰብስባ ወደ ወንበሮቹ ትዞራለች፤ ጎንበስ ልትል ስትል ላፕቶፑ ስታክ ያደርግና ምስሉ ይቆማል።

ሠርጉን ጋዝጊብላ ድረስ ሄዶ የቀረጸው ባልደረባዋ ደሞዝ ነው። የእሷ ሥራ ሰቆጣ መናኸሪያ አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጦ መቁረጥና መቀጠል ነበር። ላፕቶፑ ግን ስትገዛውም አሮጌ ነው፤ የአዲሱን ካሜራ ፋይል ሲያቀርቡለት ይተነፍስና ዝም ይላል። ደጋግማ ከማየቷ የተነሣ ባንቺ በሕልሟ ትመጣባት ጀመር። ጉም ይወርዳል፤ ጉሙ ሲገለጥ ቤቱም ዘመዱም የለም፤ ነጩ ልብስ ብቻ ተራራው ላይ ተንሳፍፎ ይታያል።

በሐምሌ አንድ የገበያ ቀን፣ ከተማውን እንዲያው ጉም ውጦት ሳለ፣ የሙሽሪት አባት አቶ ገብረ ጻድቅ ዘንጋቸውን ተመርኩዘው ገቡ። ግንቦት ላይ፣ ሠርጉ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ከአፋፍ ተንሸራተው ጭናቸው ተሰብሮ ነበር። ጠላው ተጠምቆ ዘመድ ተጠርቶ ስለነበር «እንዳይቀር!» ያሉት ራሳቸው ናቸው። ልጃቸው ስትዳር ሆስፒታል ተኝተው ነበር።

«ደረሰ ወይ ልጄ?»

«ዛሬ ይደርሳል አባባ። ይቀመጡ፤ ሜሞሪ ከወልድያ በአውቶቡስ መጥቶልኛል።»

ላፕቶፑን ገልብጣ ባትሪውን አወጣች፤ ብሎኖቹን ፈትታ ክዳኑን አነሣች። ከጣት የማይበልጠውን አረንጓዴ ቁራጭ ሲያዩ ሽማግሌው ጠጋ አሉ።

«ይቺ ምን ልታደርግለት ነው?»

«ብዙ ነገር አንድ ጊዜ ዘርግቶ እንዲሠራ ነው። እስካሁን ቦታ ጠቦት ነበር።»

«አሃ! ነዶው ብዙ፣ አውድማው ጠባብ።»

ሁለቱን መያዣዎች ወደ ጎን ፈልቀቅ ስታደርጋቸው የድሮው ቁራጭ ብድግ አለ። አዲሱን አዘንብላ ሰካችና ተጫነችው። ባትሪውን መልሳ ከፈተችው። ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ቀረ። ሽማግሌው ቆርቆሮውን የሚደበድበውን ዝናብ ያዳምጣሉ። አዲሱን ቁራጭ አውጥታ ወርቃማ ጥርሶቹን በላጲስ ቀስ አድርጋ አሸችና መልሳ ሰካችው። በዚህኛው ጊዜ ቀጭ አለ። ስክሪኑም እንደ ንጋት ፈገግ አለ።

ቪዲዮው መሄድ ጀመረ። ባንቺ ልብሷን ሰበሰበች፣ ዞረች፣ ጎንበስ አለች። የእናቷን ጉልበት ሳመች። ቀጥሎ ያለው ወንበር ላይ ሰው የለም፤ የታጠፈ ጋቢ ብቻ ተቀምጦበታል። ባንቺ ተንበርክካ ፊቷን ጋቢው ውስጥ ቀበረች፤ ሚዜዎቿ ትከሻዋን ይዘው እስኪያነሷት ድረስ ቀና አላለችም። የእየሩስ እጅ ኪቦርዱ ላይ እንዳለ ቀረ። እሷም ይህን ስታይ ገና የመጀመሪያዋ ነው።

«ጋቢዬ ነው» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። «ሆስፒታል ሲያመጡልኝ ጥቁር ነገር ነክቶት ነበር። ‹ማን አቆሸሸው?› ብዬ እናቷን ተቆጣሁ። እሷም አልነገረችኝ። ኩል ነው ለካ።»

እጃቸውን ወደ ስክሪኑ ዘርግተው በኽምጣና መመረቅ ያዙ። እየሩስ ቋንቋውን እምብዛም አትሰማም፤ የባንቺን ስም ብቻ ለየች። ምርቃቱ ረጅም ነበር። ከውጭ ጉሙ በበሩ እየገባ እግራቸው ሥር ተኛ፤ ክፍሏ ከምድር ተነሥታ ወደ ጋዝጊብላ የምትንሳፈፍ መሰላት። እሷም ሳታውቀው «አሜን» ትል ነበር።

ዝናቡ ሲያባራ አቶ ገብረ ጻድቅ እየሩስ ሠርጉን ጨርሳ የገለበጠችበትን ፍላሽ በመሐረብ ቋጥረው ተነሡ።

«ሄጄ እናቷን ‹ጋቢውን እንዳታጥቢው› ልበላት።»

«እስካሁን አልታጠበም አባባ?»

«ሁለት ጊዜ ታጥቧል» አሉ በሩ ላይ ቆመው። «ኩሉ አልለቀቀም።»