ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ

የአውሮፕላን ትኬት ቆራጯ በዚህ ሥራ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። የትኛው ከተማ ከየትኛው ስንት ሰዓት እንደሚርቅ በቃሏ ታንበለብለዋለች። ለደንበኛ ሁሉ የምትሰጠው ምክር አንድ ነው።

"ቀጥታውን ይያዙ። የሃምሳ ደቂቃ ትራንዚት ብሎ ነገር የለም፤ አንዱ ትንሽ ከዘገየ ሌላው ጥሎዎት ይሄዳል።"

አንድ ቀን ጠዋት ታናሽ ወንድሟ ደወለላት። አባታቸው ለሕክምና እሱ ዘንድ ከሄዱ ሦስት ወር ሆኗቸዋል።

"እታለም፣ ዛሬውኑ ተነሺ። ሐኪሙ ነገን አይሻገሩም ብሏል።"

"እስቲ ስልኩን ስጣቸው።"

አባትየው ዕድሜያቸውን ሙሉ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር ነበሩ። ልጅ ሆና ከጎናቸው ተቀምጣ ካርታ ታነብላቸው ስለነበር "ካርታዬ" ይሏታል።

"ስንት ሰዓት ነው ካርታዬ?" ድምፃቸው እንደ ክር ቀጥኗል።

"በቀጥታው ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ነው አባባ።"

"እሱማ አየር ላይ ነው። መቼ ትደርሻለሽ ነው ያልኩሽ።"

"ነገ ማለዳ።"

"በይ እጠብቅሻለሁ። ብቻ ሾፌሩን አታጣድፊው፤ ሾፌር ሲያጣድፉት አይወድም።"

ስልኩን ዘግታ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው እኩለ ቀን ላይ ይነሳል፤ ዙሪያ ጥምጥም ነው፣ አየር ላይ ብቻ አሥራ አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ መሃል ላይ ደግሞ ያ የሃምሳ ደቂቃ ትራንዚት አለበት። ቢሆንም ቀጥታውን በሦስት ሰዓት ቀድሞ ይደርሳል። ቀጥታው የሚነሳው አመሻሽ ላይ ነው።

ጣቷ በመጀመሪያው ላይ ጥቂት ቆየ። ከጎኗ ያለችው ባልደረባዋ አየቻትና፣ "እሱን ለጠላትሽ እንኳ ቆርጠሽ አታውቂ" አለቻት።

እውነቷን ነው። ቀጥታውን ቆረጠች።

አውሮፕላኑ ውስጥ፣ ከፊቷ ያለው ስክሪን የቀረውን ኪሎ ሜትር ይቆጥራል። አምስት ሺህ፣ አራት ሺህ። ሁለት ሺህ ላይ ሲደርስ ማበጠሪያዋን አውጥታ ፀጉሯን አስተካከለች፤ አባቷ የተንጨባረረ ሰው ማየት አይወዱም።

ወንድሟ መውጫው በር ላይ እጁን አጣምሮ ቆሟል። አጣምሮ ስታየው ገባት።

"መቼ?"

"ሁለት ሰዓት አይሞላም።" ሻንጣዋን ከእጇ ተቀበላት። "የት ደረሰች እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። በስልኬ እየተከታተልኩ እነግራቸዋለሁ። ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ቀራት ስላቸው፣ 'እኔ ብነዳው ሁለት ቀን ነው፤ አንተ ግን ደርሳለች በለኝ' አሉኝ። ደርሳለች አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ አልጠየቁኝም።"

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጥቁር ለብሳ ሥራ ገባች። ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ የዚያን ቀን በረራዎች መዝገብ ከፈተች። ያ ትራንዚት አልዘገየም ነበር። ሁለተኛው አውሮፕላን እንዲያውም ሰባት ደቂቃ ቀድሞ አርፏል።

ጉሮሮውን የሚጠርግ ሰው ሰምታ ቀና አለች። አንድ ሸምገል ያለ ደንበኛ መስኮቱ ላይ ተደግፏል።

"መቼም ቀጥታው ሳይሻል አይቀርም፣ አይደል ልጄ?"

መልሱ ምላሷ ላይ ነበር። ዋጠችው።

"እዚያ የሚጠብቅዎት ሰው አለ?" አለችው።