የወንዙ ዓሣ መንታ ጂኖች

ተመራማሪዋ የእህቷን ባል መናቅ የጀመረችው ገና በሠርጉ ዕለት ነው። ትምህርቱን ሳይጨርስ እንግዶቹን «ዶክተር በሉኝ» ሲል ሰማችው። «ሊቁ» የሚል ቅጽል ስም ያወጣችለትም ያኔ ነበር። ዕድሏ ሆኖ ሊቁ ላቦራቶሪው ውስጥ አለቃዋ ሆኖ ቁጭ አለ። ቤት «አንተ» የምትለውን ሰውዬ እዚያ «እርስዎ» ማለቱ ያንገበግባታል።

ዘንድሮ ደግሞ ደረቱን የሚነፋበት ነገር አገኘ። የአራት ዘመዳም የዓሣ ዝርያዎችን ጂኖም፣ ማለትም ሙሉ የጂን ስብስብ፣ ሲያነጻጽሩ፣ የአራተኛው ጂኖች ብዙዎቹ ተባዝተው መንታ መንታ ሆነው ታዩ። ትርፍ ቅጂ ያለው ፍጡር አንዱን ለድሮው ሥራ ትቶ ሌላውን ለአዲስ ሥራ ሊያውለው ይችላል። ይህን ጀማሪ ተማሪም ያውቀዋል። ሊቁ ግን «ዝግመተ ለውጥን እጅ ከፍንጅ ያዝኩት!» እያለ በኮሪደሩ ይንጎራደድ ጀመር።

ዓሦቹ ከየት እንደመጡ ዞር ብሎ እንኳ አላየም። ሦስቱ ዝርያዎች በላቦራቶሪው ገንዳ ወንድም ከእህት እየተዳቀሉ የኖሩ ናቸው፤ ከእናትና ከአባት የወረሱት ቅጂ አንድ ዓይነት ነው። አራተኛው በቀጥታ ከወንዝ የተያዘ ስለሆነ የእናቱ ቅጂ ከአባቱ ይለያል። ኮምፒውተሩም ልዩነቱን አይቶ አንዱን ጂን ሁለት ብሎ ቆጠረው።

በሳምንታዊው ስብሰባ ላይ፣ ሁሉም ባለበት፣ አፍርጣ ነገረችው።

«መንታ አይደሉም፤ አንዱ የእናት፣ አንዱ የአባት ነው። የገንዳ ዓሣና የወንዝ ዓሣ እንዲሁ አብሮ ይለካል እንዴ?»

«የኔ እህት፣ ቅናት አስመሰልሽው እኮ» አለ ሊቁ። ሰዉ ሳቀ።

ደሟ ፈላ። ማስረጃው እጇ ላይ ነበር፤ አውጥታ ብታሳየው በቂ ነው። ፕሮፌሰር ለመሆን የቀራትም ስለ ዓሦቹ ከሊቁ ጋር የሚያወጡት ይህ አንድ ጽሑፍ ብቻ ነበር። ግን ለእንዲህ ያለ ሰው ምን ያስረዱታል? ብቻውን ይዋረድ!

«ውሃ የማያነሳ ጽሑፍ ላይ ስሜ እንዲገባ አልፈልግም። አሁኑኑ ያውጡልኝ!»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ምን ጥያቄ አለው!»

«እሺ፣ እንደፈለግሽ» አለ ሊቁ።

ጽሑፉ በሚቀርብበት የሳይንስ ጉባኤ ቀን ውርደቱን ለማየት ተሽቀዳድማ ሄዳ ከእህቷ ጎን ተቀመጠች። ሊቁ ክራቫቱን አስተካክሎ መድረክ ላይ ወጣ።

«ዛሬ የማቀርብላችሁ ብዙዎቻችንን ያሳሳተ ስህተት ነው። ከገንዳና ከወንዝ የመጡ ዓሦችን አብረን እየለካን፣ የእናትንና የአባትን ቅጂ መንታ ጂን ብለን ስንቆጥር ኖረናል።»

ተመራማሪዋ ክው አለች። ሌባ! ብድግ ብላ ልትጮህ ፈለገች። ግን ማን ይሰማታል? ስሜን አውጡልኝ ስትል ላቦራቶሪው በሙሉ ሰምቷታል። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

እህቷ ጎንበስ ብላ ጆሮዋ ላይ አንሾካሾከች። «ይሄ ስትለፉበት የከረማችሁት አይደል? የአንቺ ስም ታዲያ የታለ?»

«እኔው ነኝ ያስወጣሁት» አለች፤ በዚያች ቅጽበት ራሷን የናቀችውን ያህል ማንንም ንቃ አታውቅም፣ ሊቁንም ጭምር።