የገብረ ኪዳን ቧንቧ

በእታለም ግቢ ያለው ቧንቧ በሰቆጣ የታወቀ ነበር። ባሏ ገብረ ኪዳን፣ ጣሊያን ጥሎት ከሄደው ካምፕ የእርሳስ ቧንቧ ነቅሎ፣ ከዳገቱ ምንጭ እስከ ግቢው ድረስ ቀብሮ ያመጣው ነው። እርሳስ ለስላሳ በመሆኑ በድንጋዩ መካከል እንደ ልቡ ያጣጥፈው ነበር። ግቢውንም ለማንም አልዘጋም። የሰፈሩ ሴቶች ጠዋት ማታ ይቀዱበታል። እሱ ከሞተ በኋላም እንስራቸውን አዝለው ሲወጡ ነፍሱን ይማረው ሳይሉ አይሄዱም። እታለም የመበለትነቷን ዓመታት ያሳለፈችው ይህን እየሰማች ነው።

በ1962 ዓ.ም. የልጅ ልጇ ትሁት ታመመች። ሆዷን ይቆርጣታል፤ ፊቷ ገረጣ፤ አላርፍ ባይ የነበረችው ልጅ ግድግዳ ተደግፋ መቀመጥ አበዛች። ጠበል ተወሰደች፤ ጤና ጣቢያም መድኃኒት ተሰጣት፤ አልተሻላትም። በመጨረሻ እናቷ አስቻለች ደሴ ሆስፒታል ይዛት ሄደች። ሐኪሙ የልጅቷን ከንፈር ገልጦ በድዷ ጠርዝ ላይ በእርሳስ የተመረዘ ሰው የሚያወጣውን ሰማያዊ መስመር አየና፣ ውሃ የምትጠጣው ከየት እንደሆነ ጠየቀ።

ወሬው ማዘጋጃ ቤት ሲደርስ የውሃ ሠራተኛው ምትኩ ወደ እታለም ተላከ። ምትኩ የደሴ ልጅ ነው፤ ሰቆጣ ከመጣ ብዙም አልቆየም፤ የአካባቢውን ቋንቋ ኽምጣኛንም አይሰማም፤ እታለም ግን አማርኛ ትችላለች። ሊነግራት የመጣው፣ የእርሳስ ቧንቧ ባለበት ሁሉ እየተነቀለ በብረት ሊተካ መሆኑን ነው። ውሃው በቧንቧው ውስጥ ሲያድር እርሳሱ ቀስ እያለ ይገባበታል፤ ከሁሉም የባሰው ማለዳ መጀመሪያ የሚወርደው ነው፤ አብዝቶ የሚጎዳውም ሕፃናትን ነው አላት።

እታለም እጇን አፏ ላይ አደረገች። የማለዳውን ውሃ፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ማንም አልነካውም ብላ ለትሁት የምታስቀምጠው እሷ ነበረች።

«እንግዲህ ባሌ ሰፈሩን መርዟል ልትለኝ ነው የመጣኸው?» አለችው።

«እሳቸው አላወቁም፤ እርስዎም አላወቁም» አለ ምትኩ። «ከዛሬ ጀምሮ ግን አውቀናል።»

እንዲሄድላት ጠየቀችው። ምትኩ እምቢ ያለችው መሰለውና፣ እሑድ ነዋሪውን ሰብስቦ በአስተርጓሚ ለመናገር አሰበ።

እታለም ቀደመችው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹን ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አቆመችና የሰማችውን ሁሉ በኽምጣኛ ነገረቻቸው። ስለ ባሏ የሚነገረው በእንግዳ አፍ እንዲሆን አልፈለገችም። የማለዳውን ውሃ ለልጅ ልጇ ታስቀምጥ እንደነበርም አልደበቀችም።

ከሴቶቹ መካከል ጎረቤቷ ደጅይጥኑ ነበረች። ትንሹ ልጇ ያለፈው ዓመት ሞቶባታል።

«የእኔም ልጅ ሆዱን ነበር የሚያመው» አለች። «ከዚህ ነው?»

ሴቶቹ እታለም አይደለም እንድትል ጠበቁ። እንዲህ ማለት ትችል ነበር።

«አላውቅም» አለች።

ደጅይጥኑ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ ሄደች።

በማግስቱ በእታለም ፈቃድ ቁፋሮው ተጀመረ። አንዳንድ ሰዎች ለጥይት ይሆነናል ብለው የተነቀለውን እርሳስ ቢለምኗትም እታለም ሁሉንም ለምትኩ አስረከበች። የብረቱ ቧንቧ ከደሴ እስኪመጣ ሰፈሩ ውሃ ለመቅዳት ወደ ወንዝ ይወርድ ጀመር። ከወንዙ የሚወጣው ዳገት ለሁሉም ከባድ ነበር፤ ያጉረመረመም አልጠፋ። ደጅይጥኑ ግን አላጉረመረመችም፤ እታለምን ሰላም ሳትላት ታልፋለች እንጂ።

አንድ ቀን እታለም ዳገቱ መሐል ደከማትና እንስራዋን አውርዳ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ደጅይጥኑ ከኋላዋ ደረሰች። አልፋት ሄዳ ነበር፤ ግን ተመለሰችና አጠገቧ ተቀመጠች። 

«ልጄ ከቧንቧው በአፉ ነበር የሚጠጣው» አለች ደጅይጥኑ። «ደረቱ ርሶ ነበር ቤት የሚገባው።»

«አስታውሳለሁ» አለች እታለም። «ና ጠጣ የምለውም እኔ ነበርኩ።»

«አውቃለሁ።»

ደጅይጥኑ ተነሳች። የእታለምን እንስራ አንስታ አሸከመቻት፤ ከዚያ የራሷን አዝላ ከፊቷ ወጣች።

የብረቱ ቧንቧ ክረምቱ ሳይገባ ተዘረጋ። ትሁትም ከደሴ ተመለሰች። የሆድ ቁርጠቱ ለቀቃት፤ ፊደል ለመቁጠር ግን ከእኩዮቿ ዘገየች፤ በኋላም ቢሆን ሲነግሯት ቶሎ የማይገባት ነገር ነበር። ሐኪሙ ይህ ይመለስ አይመለስ እንደማያውቅ ለእናቷ ነግሯታል።

በታችኛው ሰፈርም እርሳስ ያለበት መስመር ተገኘ። እዚያ ያሉት ቧንቧችንን አናስነካም ብለው ምትኩን መለሱት። እሱም እታለም ቤት መጥቶ፣ አብራው ሄዳ እንድታነጋግራቸው ለመናት።  እታለም ትሁትን ለአስቻለች ሰጥታ፣ ነጠላዋን ለብሳ ተከተለችው።