በቃሬዛ የሄደው ፍሪጅ

አዋሽ ሰባት ኪሎ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለ ሆቴል አስተናጋጅ ነበርኩ። አውቶቡስ ለምሳ ሲቆም ከወጡ ጋር አንድ ወሬ በነጻ አቀርባለሁ። የአዋሽ ወንዝ ገደል ውስጥ ያለ አዞ አንድ ፉርጎ ሙሉ ውጦ፣ ሆዱ ውስጥ ተቆጣጣሪው ትኬት ሲጠይቅ ይሰማል ብዬ አንድ መቶ አለቃ አሳምኛለሁ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ምላሴ ግን ዩኒቨርሲቲ ጨርሷል።

ደንበኛዬ በላይ ያኔ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነበር። በወሬዬ እንባው እስኪፈስ ይስቃል። በኋላ ሰመራ አምቡላንስ መንዳት ሲጀምር ደወለልኝ። "አበጀ፣ ሳህን ስታነሳ ልታረጅ ነው? ና! ሰው አገር ነው፣ ሙቀቱም እንቁላል ይቀቅላል፤ ግን ሰው ትሆናለህ።" ለመንዝ ልጅ አፋር ውጭ አገር ማለት ነው፤ ቋንቋው ሌላ፣ ፀሐዩም ሌላ። ሄድኩ። የአምቡላንስ በጎ ፈቃደኛ ተብዬ ቀይ ሰደርያ ለበስኩ። ለእናቴ በስልክ ዶክተር ሆንኩ አልኳት፤ እልልታዋ ጆሮዬን አደነቆረው።

ኃላፊያችን አቶ ፍቅረማርያም ግን ወሬ አይወዱም። አንድ ቀን "ግመል ራሷን ስታ ወድቃለች፣ ትንፋሽ ስጡልኝ" ብዬ ሠራተኛውን ሁሉ ቃሬዛ አሸክሜ ካስሮጥኩ በኋላ ጠሩኝ።

"አበጀ፣ አንዲት ውሸት ብቻ ብሰማ ሰደርያዋን እዚህ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጣለህ።"

ሁለት ወር እውነት ብቻ ተናገርኩ። ከንፈሬ ደረቀ፣ ግን ሰደርያዋን ወደድኳት። ሰው መንገድ ሲለቅልኝ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነበር።

ያ ሐሙስ ከጠዋቱ ጀምሮ አላስተነፈሰንም። ሎጊያ መግቢያ ላይ ከባድ መኪና ተገልብጦ ረዳቱን ከጋቢናው ሥር አወጣነው፤ እግሩ ተሰብሮ "ጫማዬን! አዲስ ነው!" ይላል። እሱን አድርሰን ላባችንን ሳንጠርግ አንዲት ጸሐፊ ቢሮዋ ውስጥ በሙቀት ወደቀች ተባለ። እሷን አውርደን ውሃ ሳንጠጣ ስልኩ ጮኸ፤ ከሚሌ ወዲያ መንገድ ዳር ኸሊዳ የምትባል ሴት ምጥ ጠንቶባታል።

በላይ ሳይረኑን ለቀቀው። ሚሌ ስንደርስ ነርሳችን ሲስተር ውብነሽ የማዋለጃ ዕቃ ስላለቀባት ከጤና ጣቢያው ልታመጣ ወረደች። "አምስት ደቂቃ!" አለች። በላይ መሪውን ወደ ከባድ መኪኖቹ መቆሚያ ጠመዘዘው።

"ወዴት ነው፣ ጋሼ?"

"የኩኩ ፍሪጅ ከጅቡቲ መጣ። ምግብ ቤቷ እዚህ ሥር ነው።" ኩኩ እጮኛው ናት።

"ምጥ ላይ ያለችውስ?"

"የመጀመሪያ ልጅ በአንድ ሰዓት አይወለድም። ይልቅ ያዝ በዚያ በኩል!"

ፍሪጁን ቃሬዛው ላይ አጋድመን በቀበቶ አሰርነው። እኔ ሞኙ ደግሞ ብርድ ልብስ አልብሼ "ትንፋሽ አላት! ተስፋ አትቁረጡ!" እያልኩ አሳቅኩት። የምግብ ቤቱ በር ጠበበ። በሩን ነቅለን አስገባነው፣ መልሰን ገጠምነው። አርባ ደቂቃ ሄደ። ስንመለስ ውብነሽ ካርቶኗን ታቅፋ ፀሐይ ላይ ቆማለች። ቃሬዛው ላይ የቀረውን የማሸጊያ ፎም ፍርፋሪ አየች፤ በእጇ ጠረገችውና ካርቶኗን አስቀመጠችበት።

ኸሊዳን ግራር ሥር አገኘናት። ልጁ ተወልዷል፤ እሷ ግን ትደማለች። እናቷ ኡምሰልማ ራሷን ጭናቸው ላይ ደግፈው በነጠላ ያራግቡላታል። ውብነሽ ተንበርክካ ሥራ ጀመረች። ቃሬዛውን ሳወርድ በላይ ጆሮዬ ሥር መጣ።

"ከጠየቁ ጎማ ፈነዳ በል። ውሸት ላንተ ምንህ ነው?"

ሰደርያዋ ትዝ አለችኝ። ያስለበሰኝ ግን እሱ ነው፤ ለእሱ የማልሆነው ነገር አልነበረም።

ኸሊዳን ጭነን ስንነሳ ባሏ ኢስማኤል ከኋላ አጠገቤ ተቀመጠ። ጥቂት እንደሄድን የሚስቱን እጅ እንደያዘ ዞሮ፣ "ዳጉ ንገረኝ" አለኝ። አፋር ከመንገደኛ ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን ይለዋወጣል፤ የተቀበለውን ደግሞ ከማን እንደሰማ ስም ጠርቶ ለሚቀጥለው ያስተላልፋል። ሰውና ከብቱ የሚያድሩት በዚያ ቃል ላይ ነውና ዳጉ ላይ መዋሸት ጉድጓድ ውሃ ላይ መርዝ እንደ መጣል ነው። በላይ አፋር አምስት ዓመት ኖሯል፤ ይህን ያውቃል። እኔ ወሬ መስሎኝ ነበር።

"ጎማ ፈነዳ" አልኩ። አፌ አንዴ ከተከፈተ አይዘጋም። "እንደ መድፍ! ክሪኩ አሸዋ ውስጥ ሰመጠብን። መኪናውን በትከሻችን አንስተን ቀየርን።"

"የቱ ጎማ?"

"የኋላ ቀኝ።"

"አላህ ትከሻችሁን ያበርታው" አለ ከልቡ። ኬላው ላይ በመስኮት ለሁለት ሰዎች ነገራቸው፤ ከዚያ በስልክ ለሌሎች።

ሰመራ ሆስፒታል ኸሊዳ ደም ተሰጣት፣ ተረፈች። ደስ ብሎኝ ስወጣ ዘመዶቿ አምቡላንሷን ከበዋል። ኑራ የሚባሉ ሽማግሌ በርከክ ብለው የኋላ ቀኙን ጎማ በጣታቸው ይዳብሳሉ።

"የዚህ ጎማ አቧራ ከሦስቱ ወንድሞቹ እኩል ነው" አሉ።

ሚሌ ሻይ ሲጠጣ የነበረ ሌላ ዘመዳቸው ደግሞ የራሱን ዳጉ ልኳል፤ አምቡላንስ ብርድ ልብስ የለበሰ ፍሪጅ አወረደ ብሏል። ሁለቱ ዳጉ ሆስፒታሉ በር ላይ ተላተሙ።

"የጎማውን ከማን ሰማህ?" አሉ ሽማግሌው አንዱን ዘመድ።

"ከኢስማኤል።"

"ኢስማኤል፣ አንተስ?"

ጣቱ እኔ ላይ አረፈ።

አቶ ፍቅረማርያም ሦስታችንንም ቢሮ ጠሩን። በላይ ቀደመ።

"ፍሪጁን 'የዘመዴ ነው፣ ሁለት ደቂቃ' ብሎ የለመነኝ እሱ ነው፤ የኔ ጥፋት ማዘኔ ነው። ጎማ ምናምን ያለውንማ እኔ እንጃ።"

ሳቅኩ። ቀልድ መሰለኝ። ይጠቅሰኝ ይሆን ብዬ ዓይኑን ጠበቅኩ። እሱ ግን ግድግዳው ላይ ያለውን ቀን መቁጠሪያ ያያል።

"የኩኩ ነው እኮ ጌታዬ! የእጮኛው!"

"ይህንን የምትነግረኝ አንተ ነህ?"

"ሲስተር ውብነሽን ይጠይቋት!"

"እኔ ዕቃ ላመጣ ገብቼ ነበር" አለች ወለሉን እያየች። "ምንም አላየሁም።"

ሰደርያዋን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ጀርባዬ በላብ ርሷል፤ ግን በረደኝ።

በላይ ኮሪደር ላይ ደረሰብኝ። "አይዞህ ወንድሜ፣ አንተ ውሸታም መባሉን ለምደኸዋል። እኔ ልጋባ ነው። ሚሌ ስታልፍ ኩኩ ጋ ጎራ በል፤ ቀዝቃዛ ለስላሳ በነጻ ነው።"

ልመታው እጄን አነሳሁ። ክንዴ ላይ የፍሪጁ ጠርዝ የላጠኝ ቦታ ቆጠቆጠኝ። አወረድኩት።

ኢስማኤል ግድግዳው ጥላ ሥር ተቀምጧል። አጠገቡ ተቀምጬ ሳይጠይቀኝ ሁሉንም ነገርኩት፤ ብርድ ልብሱንም፣ እሷ ግራር ሥር ስትደማ እኔ መሳቄንም። በሕይወቴ ምንም ያልጨመርኩበት ወሬ ያ ብቻ ነው። አላቋረጠኝም።

"ታምነኛለህ?" አልኩት።

"አምንሃለሁ።"

"እንግዲያው ለሰዎቹ ንገርልኝ።"

ተነስቶ ሽርጡን አራገፈ። "ከማን ሰማህ ሲሉኝ ያንተን ስም ልጠራ ነው። ካንተ የመጣ ዳጉ ከእንግዲህ የሚቀበለው የለም። እዚሁ ይቀራል" አለና፣ በመካከላችን ያለውን መሬት በእግሩ ጣት አሳይቶኝ ወደ ሚስቱ ገባ።