የቡሬ ሰዓት

እኔ ሰው ቶሎ አላደንቅም። ባልደረቦቼ «የአንተ ምስጋና እንደ ነሐሴ ፀሐይ ነው» ይሉኛል፤ ይበሉ። ያምሮትን ግን ሳደንቅ ማንም አያስቆመኝም።

ያምሮት የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየናችን የኔትወርክ ባለሙያ ነበረች። ጊዜው ቢፒአርና አንድ ለአምስት ከአፋችን የማይጠፉበት ነው። ዋናው ቢሯችን ፍኖተ ሰላም፣ ቅርንጫፉ ቡሬ ሲሆን ሁለቱም የየራሳቸው ዶሜን ነበራቸው። የሠራተኛው ስምና የይለፍ ቃል በሁለቱ ከተሞች ለየብቻ ይቀመጥ ነበር ማለት ነው። ያምሮት ሁለቱን የሚያስማማ ፕሮግራም ጻፈች። ፕሮግራሙ በየሰዓቱ ያስተያያቸዋል፤ ቃሉ ተለያይቶ ካገኘው የቅርብ ጊዜውን ይይዝና የቆየውን ይጥላል። የፍኖተ ሰላም ሰው ቡሬ ሄዶ በዚያው ቃሉ ሲገባ ሳይ ኮራሁባት።

አቻምየለሽ ግን መከራዋን አየች። የቡሬን የምርጥ ዘር ዕደላ የያዘችው እሷ ናት። ጠዋት ኮምፒውተሩ አላስገባ ሲላት ፍኖተ ሰላም ትደውላለች፤ በሁለቱም ከተማ የሚያስገባ ጊዜያዊ ቃል ይሰጣታል፤ ወዲያው በራሷ ቃል ትቀይረዋለች። ጥቂት ሠርታ ወጣ ብላ ስትመለስ የራሷ ቃል እምቢ ይላታል። ደጋግማ ስትሞክር ጭራሽ ይቆለፍባታል። ገበሬው የበቆሎ ዘር ሳይዝ በር ላይ ይውላል፤ ዝናብ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። ሥራ አስኪያጃችን ተቆጣ፤ አንዲት ቃል መያዝ ካቃታት ከሰኞ ጀምሮ መጋዘን ትግባ አለ። አቻምየለሽ አስም አለባት። የመጋዘን አቧራ ለእሷ ሥራ መልቀቅ ማለት ነበር።

እኔ፣ ረስታው ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል አልሁ። ያምሮት ግን ሰው የራሱን ቃል በየቀኑ አይረሳም፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የእኔ ሥራ ነው አለች። የራሱን ሥራ ቀድሞ የሚጠረጥር ባለሙያ ያየሁት ያን ዕለት ነው። አርብ ጠዋት በሚኒባስ ማንኩሳን አልፈን ቡሬ ገባን።

የቅርንጫፉ ኃላፊ ጋሽ ሃይለ ሚካኤል ቆመው ተቀበሉን። የቤተ ክህነት ትምህርት የጠገቡ፣ ባሕረ ሐሳብ አዋቂ፣ ጾምና በዓሉን በጣታቸው ቆጥረው የሚያወጡ ሰው ናቸው። የቅርንጫፉን የይለፍ ቃሎች የሚይዘው ሰርቨርም ያለው በእሳቸው ክፍል ነው፤ ቁልፉ ከኪሳቸው አይወጣም።

ያምሮት ምንም ሳትነካ ከአቻምየለሽ ጎን ተቀመጠች። አቻምየለሽ እንደ ልማዷ ደወለች፤ ጊዜያዊውን ቃል ተቀበለች፤ በራሷ ቀየረችው። ፕሮግራሙ ሁለቱን ከተሞች እስኪያስተያይ ጠበቅን። ከዚያ የራሷን ቃል ጻፈች፤ እምቢ አላት። ያምሮት ጠዋት የተሰጠሽን ጊዜያዊውን ሞክሪው አለቻት። ከፈተ።

አሮጌው ቃል አዲሱን እየጣለው ነበር። ያምሮት ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀችን። ጋሽ ሃይለ ሚካኤል አራት ሰዓት ነው አሉ። የግድግዳውም፣ የእኔም የእጅ ሰዓት አራት ይላል። ክፍሉን አስከፍታ ሰርቨሩን አየችው፤ እሱም አራት ይላል። እኔ ተናድጄ፣ ሰዓቱ ልክ ነው፣ ሌላ ነገር ፈልጊ አልኋት። እሷ ሳቀች።

ሰርቨሩ ሲመጣ በፈረንጅ ሰዓት የተሞላ ነበር። ጋሽ ሃይለ ሚካኤል ስድስት ሰዓት ቀድሞ ቢያገኙት ተበላሽቷል ብለው አቃንተውታል። ፍኖተ ሰላም ያለው ግን እንደመጣ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን፣ በተለይ እኔ ብሆን፣ ሽማግሌውን በሠራተኛው ፊት አዋርዳቸው ነበር። እሷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለቻቸው፦

«ጋሼ፣ የእርስዎ ሰዓት የሰው ሰዓት ነው፤ አልተሳሳተም። ማሽኖቹ ግን እርስ በእርስ የሚነጋገሩት በፈረንጅ ሰዓት ነው። አቻምየለሽ ፀሐይ ወጥቶ የተናገረችውን ቃል፣ ፍኖተ ሰላም ያለው ሌሊት እንደተነገረ ይቆጥረዋል። እናም የቆየ ነው ብሎ ይጥልባታል።»

ባሕረ ሐሳብ ለሚያውቅ ሰው ሁለተኛ ማስረዳት አያስፈልግም። ጋሽ ሃይለ ሚካኤል ስድስቱን ሰዓት በጣታቸው ቆጠሩ። ከዚያ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ለያምሮት ሰጧት።

ሰዓቱን መለሰችው። አቻምየለሽ ቃሏን እንደገና ቀየረች። ፕሮግራሙ ሁለቱን ካስተያየ በኋላ ስትጽፈው ከፈተላት። ውጭ የቆሙት ገበሬዎች ተራ ያዙ።

ጋሽ ሃይለ ሚካኤል ስልኩን አንስተው ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ደወሉ። ክፍሉ ሙሉ እየሰማ ነው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። «የልጅቱን ቃል በየቀኑ ያስጣልኋት እኔ ነኝ። ሰኞ መጋዘን የሚገባ ሰው ካስፈለጋችሁ እኔ እገባለሁ።»

አቻምየለሽ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና ፊቷ የቆመውን ገበሬ ስሙን ጠየቀችው።