ከማቆያው ያልወጣው መርዶ

በመሥሪያ ቤታችን የመርዶ ኢሜይል እስካልተከፈተ ድረስ የሞተው ሰው መኖሩን አያቋርጥም። ይህን ያወቅሁት የኢሜይል ማጣሪያው ኃላፊ ከሆንሁ በኋላ ነው።

ማጣሪያው ከአምራቹ ይዟቸው የመጣቸው ሕጎች የሎተሪ አጭበርባሪን ያግዳሉ። መርዶ የሚባል ነገር አያውቁም። ስለዚህ አንድ ሕግ ከራሴ ጨመርሁ፤ ሞት የሚያወራ ደብዳቤ ማቆያ ይገባል፣ የዕድራችን ሽማግሌዎች ማልደው ሄደው ካረዱ በኋላ ይለቀቃል። ሰው ብቻውን ተቀምጦ መርዶ ማንበብ የለበትም። ዛሬም የማስበው እንደዚያው ነው።

የመዝገብ ቤቷ የእትዬ አጸደ ባለቤት፣ አቶ ልሳኑ፣ መተማ መንገድ ላይ መኪና ተገልብጦ ሞቱ። ወንድማቸው እዚያው ቀብሯቸው ለእትዬ አጸደ ጻፈ፤ ደብዳቤው ማቆያ ገባ። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ፋሲካ ይለፍ አሉ። ቀጥሎ የደም ግፊቷ ይረጋጋ አሉ። ከዚያ የልጃቸው ሠርግ መጣ። ሠርጉ ላይ አቶ ልሳኑ ልጃቸውን መርቀው ዳሩ፤ ሽማግሌዎቹም አብረዋቸው በሉ። ማታ ማታ እንደ ድሮው ጥላ ይዘው ሚስታቸውን ከመሥሪያ ቤቱ በር ይጠብቃሉ። ዝናብ አያረጥባቸውም።

ባለፈው ሳምንት ማጣሪያው ቅዳሜ በአዲስ እንዲተካ ታዘዘ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለው ለሶፍትዌር ማሻሻያ ይመስለኛል። አዲሱ ሲጫን ሰው በእጁ የጨመረውን ሕግ ይደመስሳል፣ አስቀድሞ ወደ ሌላ ፋይል ካልተገለበጠ በቀር። ሕጉ ከጠፋ ማቆያው ይከፈታል፤ ደብዳቤው እትዬ አጸደ ስልክ ላይ ይገባል። መገልበጡ ቀላል ነበር። ባለጉዳዩን ሳልጠይቅ መወሰን ግን አቃተኝ፤ እውነቱን ለመናገር ደክሞኝም ነበር። በሩ ላይ አገኘኋቸው።

«ጋሼ ልሳኑ፣ ሕጉን ወደ አዲሱ ላሻግረው?»

ጥላቸውን ወደ ሌላኛው እጃቸው አዛወሩ።

«ተወው ልጄ። መቆሙ ሰለቸኝ። ልረፍበት።»

«እንግዲያው ደብዳቤው ይለቀቅ?»

«የለም፣ የለም! ይህን ያህል ዘመን አብራኝ የኖረችን ሴት ስልክ አያረዳትም። ከዚያ በፊት ሰው ይንገራት። አደራ!»

እሺ አልኋቸው።

ሕጉን አልገለበጥሁም። አዲሱ ማጣሪያ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በራሱ እንዲጫን አዘዝሁና ለዕድሩ ዳኛ ለአቶ ቢተው ነገርኋቸው። ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ነጠላችንን አዘቅዝቀን ከእትዬ አጸደ በር ተሰበሰብን።

«ማን ይንገራት?» አሉ አቶ ቢተው በሹክሹክታ።

አንዱ ጉንፋን ድምፄን ዘግቶታል አለ። ሌላው የልጇ ሠርግ ላይ በልቼ በምን ዓይኔ አያታለሁ አለ። የቀረነው እርስ በርስ ወደ በሩ ተገፋፋን። እየነጋ ነበር።

ውስጥ መብራት በራ። የነጠላ ጫማ ኮቴ ወደ በሩ ቀረበ።

«ልሳኑ፣ አንተ ነህ? በዚህ ማለዳ የት ወጣህ?» አሉ እትዬ አጸደ ከውስጥ።

ዞር ስል አቶ ልሳኑ ከኋላችን ቆመዋል። እንደኛው ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ጥላቸው በብብታቸው ነው። ሽማግሌዎቹ ገለል ብለው አሳለፏቸው።

«እኔው ልንገራት» አሉና የገዛ ቤታቸውን በር እንደ እንግዳ አንኳኩ።